ውድ የድምፅ ገመድ ወይስ ባለ 2.5 የኤሌክትሪክ ሽቦ? ከደብረ ሲና ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ሲና ነው። የአንድ እድር ኮሚቴ ለአዳራሹ አንድ አምፕሊፋየርና ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከሮች ገዝቷል፤ አምፕሊፋየሩ በመድረኩ ጥግ የሚቀመጥ ሲሆን ገመዱ ግድግዳውን ተከትሎ ሲዘረጋ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር 25 ሜትር ያህል ይፈጃል። ሻጩ በብር የተለበጠና «ከኦክስጅን ነጻ» የተባለ የድምፅ ገመድ አቅርቦላቸዋል፤ የአንዱ ሜትር ዋጋ ለቤት ሶኬት ከሚዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቹ «ሽቦ ሽቦ ነው፣ የሕዝብ ገንዘብ አናባክን» ሲሉ ሌሎቹ «በርካሽ ገመድ ጥሩውን መሣሪያ አናበላሽ» ብለዋል። በዚህ ላይ አሁን ለጊዜው በዘረጉት ባለ 0.5 ቀጭን ሽቦ ሲሠሩ ስፒከሮቹ እምም የሚል ድምፅ ያሰማሉ፤ ሻጩም ውዱ ገመድ ይህንን ጭምር እንደሚያስወግድላቸው ነግሯቸዋል።

የመጀመሪያዎቹ ወገኖች በውሳኔያቸው ትክክል ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን ጎደሎ ነው፤ ሽቦ ሁሉ እኩል አይደለምና። ከአምፕሊፋየር እስከ ስፒከር ላለው መስመር፣ እውነተኛ መዳብ የሆነ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከውዱ ገመድ በጆሮ በሚለይ ነገር አያንስም። ከማይክ እስከ አምፕሊፋየር ባለው መስመር ግን ተራ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፈጽሞ መግባት የለበትም። እምምታውም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ከማይክ በኩል ካለው መስመር ስለሆነ፣ የስፒከሩን ገመድ በመቀየር አይጠፋም።

ምክንያቱን ለመረዳት በስፒከር ገመድ ውስጥ ምን እንደሚያልፍ ማየት ያስፈልጋል። አንድ አምፕሊፋየር ለባለ 8 ኦም ስፒከር 100 ዋት ሲሰጥ፣ በገመዱ ላይ 28 ቮልት ገደማና 3.5 አምፔር ያህል ይኖራል። ይህ ጉልበት ያለው ሞገድ ነው፤ ገመዱ ሊጎዳው የሚችለው በዋናነት በአንድ መንገድ፣ ማለትም በሬዚስታንሱ (ሞገዱን በመገደብ ባሕርዩ፣ በኦም በሚለካው) ከጉልበቱ ጥቂት በመቀነስ ነው። የገመዱን ሬዚስታንስ የሚወስኑት ደግሞ የብረቱ ዓይነት፣ ርዝመቱና ውፍረቱ ናቸው፤ የሽፋኑ ቀለም፣ የማሸጊያው ውበትና በላዩ የተሳለው አቅጣጫ ጠቋሚ ቀስት በስሌቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። (ቀስቱን በተመለከተ፣ የድምፅ ሞገድ በሴኮንድ መቶና ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለሆነ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሻል የስፒከር ገመድ ቢኖር እንኳ ግማሹን ጊዜ በተሳሳተ አቅጣጫ ይሠራ ነበር።)

በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ በአንድ ኪሎ ሜትር 8 ኦም ገደማ፣ ባለ 1.5 ደግሞ 13.3 ኦም፣ ባለ 0.5 የሆነው 39 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር፣ ሞገዱ ሄዶ መመለስ ስላለበት የ25 ሜትር መንገድ 50 ሜትር መዳብ ማለት መሆኑን ነው። በዚህ መሠረት በእናንተ አዳራሽ ባለ 2.5 ሽቦ የሚያስከትለው ሬዚስታንስ 0.4 ኦም ይሆናል፤ ይህም ከስፒከሩ 8 ኦም 5 በመቶ መሆኑ ነው፤ በሙያው በልምድ የተያዘው ወሰንም ይኸው 5 በመቶ ነው። የድምፁ መጠን የሚቀንሰው በ0.4 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ሲሆን፣ ይህን ያህል ልዩነት በአዳራሽ ውስጥ ንግግር የሚሰማ ሰው ልብ አይለውም፤ የአምፕሊፋየሩን ማስተካከያ በፀጉር ስፋት ያህል ማዞርም ይመልሰዋል። ባለ 1.5 ብትዘረጉ ቅናሹ 0.7 ዴሲቤል ይደርሳል፤ እርሱም ቢሆን ለእድር ስብሰባ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሆኖም የዋጋው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ 2.5ን እመርጣለሁ።

አሁን የዘረጋችሁት ባለ 0.5 ሽቦ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ50 ሜትር ላይ 2 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ ስለሚያሳይ፣ ከአምፕሊፋየሩ ኃይል ከሦስት አንዱ እጅ በላይ ስፒከሩ ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚህም በላይ የድምፁን ቃና ያዛባል። ባለ 8 ኦም የሚባል ስፒከር በሁሉም ድምፅ ላይ 8 ኦም አይደለም፤ በአንዱ ድምፅ ላይ ወደ 6 ኦም ይወርዳል፣ በወፍራሙ ድምፅ አካባቢ ደግሞ 30 ኦምና ከዚያ በላይ ሊወጣ ይችላል። ቀጭኑ ሽቦ በ6 ኦሙ ላይ 2.5 ዴሲቤል ሲቀንስ በ30 ኦሙ ላይ የሚቀንሰው ግማሽ ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ ወፍራሙ ድምፅ ጎልቶ የቀረው የደበዘዘ ይመስላል። በባለ 2.5 ሽቦ ይኸው ልዩነት ከግማሽ ዴሲቤል በታች ይሆናል። እንግዲህ ሻጩ መጥቶ ቀጭኑን ሽቦ ፈትቶ ውዱን ገመድ ቢያስርላችሁ፣ ድምፁ በእርግጥ ሲሻሻል ትሰማላችሁ፤ ያሻሻለው ግን ብሩ ሳይሆን ውፍረቱ ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ውዱን ገመድ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው ተራ ሽቦ ጋር ማወዳደር ነው።

ወደ ብሩ እንምጣ። ብር ከመዳብ የተሻለ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ መሆኑ እውነት ነው፤ የሚበልጠው ግን በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ከጥሩ ብር ቢሠራ እንኳ የእናንተ 0.4 ኦም ወደ 0.38 ይወርድ ነበር፤ ይህም በድምፅ ሲተረጎም የአንድ ዴሲቤል ሁለት መቶኛ ያህል ነው። የቀረበላችሁ ደግሞ መዳብ ሆኖ ላዩ ብቻ በስሱ ብር የተቀባ ነው። «ከኦክስጅን ነጻ» የሚለውም እንዲሁ እውነት ሆኖ ጥቅሙ ኢምንት የሆነ ነገር ነው፤ ለማንኛውም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚውለው መዳብ 99.9 በመቶ ንጹሕ ስለሆነ፣ ኦክስጅን የወጣለት መዳብ በአስተላላፊነት የሚበልጠው ቢበዛ በ1 በመቶ ነው።

የእናንተ አካባቢ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለው። የመዳብ ሬዚስታንስ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በ0.39 በመቶ ያድጋል። በታኅሣሥ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ 5 ዲግሪ በሆነ ብርድ የተለካ ጥቅል ሽቦ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ጣርማበርን ተሻግሮና በእናንተው ከተማ አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በ35 ዲግሪ የቀትር ሙቀት ቢለካ ሬዚስታንሱ 12 በመቶ ገደማ ጨምሮ ይገኛል። ይህ ብር ከሚሰጠው ጥቅም እጥፍ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ከደብረ ብርሃን ለሠርግ ወርዶ የሚያጫውት ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ገመዴ ድምፁን አበላሸብኝ ሲል አልሰማሁም፤ ቆላ ገብቶ በመዳቡ ላይ የሚደርሰውን ለውጥ የማይለይ ጆሮ፣ ግማሽ ያህሉን ለውጥ በብር ምክንያት ሲመጣ ለየሁት ቢል ለማመን ያስቸግራል።

ስለ ቀጫጭኑ ድምፅ፣ ማለትም ስለ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ሻጮች የሚያነሡት ክርክር ከላይኞቹ ሻል ያለ መሠረት አለው። ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ኢንዳክታንስ የሚባል ባሕርይ ያሳያሉ፤ እርሱም ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ሞገዱን ይበልጥ ይገድባል። በ25 ሜትር ተራ ባለ ሁለት ክር ገመድ ላይ ይህ የሚያስከትለው ቅናሽ በ10,000 ሄርዝ (በሴኮንድ 10,000 ምልልስ) ከአንድ ዴሲቤል አሥረኛ በታች፣ በ20,000 ሄርዝ ደግሞ ከ0.3 ዴሲቤል በታች ነው፤ 20,000 ሄርዝን ከጎልማሳ የሚሰማው እጅግ ጥቂት ነው፣ ማይክ ፊት የሚናገር ሰው ድምፅም እዚያ አይደርስም። ነገር ግን ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት ነጠላ ሽቦዎችን ገዝታችሁ አንዱን በጣሪያ ሌላውን በወለል ብታሳልፉ ኢንዳክታንሱ ይጨምራል። ስለዚህ ነጠላ ሽቦ ከገዛችሁ ሁለቱን እስከ መጨረሻው አብራችሁ ጎንጉኗቸው። ሞገዱ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ በሽቦው ቆዳ ላይ ብቻ ይሄዳል የሚባለውም በ20,000 ሄርዝ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ፣ ግማሽ ስፋቱ 0.9 ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ ላይ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

እንግዲህ ቁጥሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ ብዙ ቅን ሰዎች ልዩነት ሰማን የሚሉት ለምንድን ነው? ውሸት ስለሚናገሩ አይደለም። በመጠን ጥቂት ከፍ ያለ ድምፅ ለጆሮ ከፍ ያለ ሳይሆን የጠራ መስሎ ይሰማል፤ የድምፅ ትዝታም አጭር ስለሆነ ገመድ ተፈትቶ ሌላ እስኪታሰር ድረስ ባለው ጊዜ የቀደመው ይደበዝዛል፤ ገመዱ ተፈትቶ ሲታሰር ደግሞ የቆሸሸው መገናኛ ይፋቃል፣ የላላው ይጠብቃል። አንዳንድ ጊዜም ቀድሞ በአንደኛው ስፒከር ላይ ቀይና ጥቁሩ ተገላብጦ ታስሮ ኖሮ፣ አዲሱ ገመድ ሲገባ ይስተካከልና ጠፍቶ የነበረው ወፍራም ድምፅ በአንድ ጊዜ ይመለሳል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስት ነው፤ ልዩነቱ በጣም ትልቅና እውነተኛ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለገመዱ ይሰጣልና። በተራ ሽቦ ስትሠሩ ሁለቱ ክሮች አንድ ቀለም ከሆኑ ከመዘርጋታችሁ በፊት የአንዱን ሁለት ጫፎች በናስትሮ ምልክት አድርጉባቸው።

በዚህ ጉዳይ የተደረጉ ዐይን ከፋች ሙከራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1983 ላውረንስ ግሪንሂል የተባለ ጸሐፊ ስቴሪዮ ሪቪው በተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ባወጣው ፈተና፣ አድማጮች የትኛው ገመድ እንደታሰረ ሳያውቁ ሞንስተር የተባለው ኩባንያ የሚሸጠውን ወፍራምና ውድ ገመድ፣ 1.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ተራ የመብራት ገመድና 0.2 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ቀጭን ሽቦ ጋር አወዳድረዋል። ሙዚቃ ሲሰሙ የመብራቱን ገመድ ከውዱ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አልቻሉም፤ ቀጭኑ ሽቦ ግን በተለይ ለመፈተኛ በሚለቀቅ ሹሹታ ሲሞከር ይታወቅ ነበር። ይህ ከላይ ያለው ስሌት የሚናገረው ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የሐሰት ተአምራትን በማጋለጥ የታወቀው የምትሃት ትርኢት አሳዪ ጄምስ ራንዲ 7,250 ዶላር ይሸጥ የነበረን የስፒከር ገመድ ሳያይ በጆሮው ከሌላ ገመድ ለሚለይ ሰው የድርጅቱን የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ለመስጠት ተናግሮ ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደ ግን የለም።

ኮሚቴው ካልተስማማ ራሳችሁ ልትፈትኑ ትችላላችሁ። ሻጩ 25 ሜትር ናሙና እንዲያውሳችሁ ጠይቁ፤ ከ400 ሄርዝ ያልበለጠ የፈተና ድምፅ ከስልክ ላይ እየለቀቃችሁ በስፒከሩ መግቢያ ላይ ያለው ቮልት በሁለቱም ገመዶች እኩል እንዲሆን በመልቲሜትር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) አስተካክሉ፤ ከዚያም ከመጋረጃ ጀርባ የሆነ ሰው ሳንቲም እየወረወረ ገመዱን ይቀያይር፤ በውዱ ገመድ የሚያምነው አባል አሥራ ስድስት ጊዜ ይገምት። አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ በትክክል ካወቀ፣ በግምት ብቻ ይህን ያህል የማግኘት ዕድል ከ4 በመቶ በታች ስለሆነ፣ አቋሜን እንደገና አስብበታለሁ።

ተራው ሽቦ የሚከስርበት እውነተኛ አደጋ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም መዳብ የተባለው መዳብ አለመሆኑ ነው። ገበያ ላይ ላዩ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሞልቷል፤ ሬዚስታንሱ የመዳብን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ነው። የሚገርመው፣ ይህ ዓይነቱ በብዛት የሚገኘው የስፒከር ገመድ ተብለው በሚሸጡት፣ ሽፋናቸው ብርጭቆ በሚመስለውና ወፍራም በሚመስሉት ገመዶች ውስጥ ነው፤ ውፍረቱ የፕላስቲኩ፣ ብርሃኑ ደግሞ የመዳብ ቅቡ ነው። ስለዚህ ጥሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ውድ መሳይ ከሆነው የድምፅ ገመድ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ሚዛንም ይናገራል፤ በ100 ሜትር ነጠላ ባለ 2.5 ሽቦ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ወደ 2.2 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ ጥቅሉ ከነፕላስቲኩ 2 ኪሎ እንኳ ካልሞላ ተዉት።

ከሁሉም አስተማማኙ መለካት ነው። የ100 ሜትር ባለ ሁለት ክር ጥቅል ሳይፈታ፣ በአንደኛው ጫፍ ሁለቱን ክሮች ልጣችሁ እርስ በርስ አጥብቃችሁ ጠምዝዟቸው፤ በሌላኛው ጫፍ በመልቲሜትር ኦሙን ለኩ። አስቀድማችሁ የመለኪያውን ሁለት ዘንጎች ራሳቸውን አገናኝታችሁ የሚያሳየውን፣ ብዙውን ጊዜ 0.2 ወይም 0.3 ኦም፣ መዝግባችሁ ቀንሱ። የተረፈው 1.6 ኦም አካባቢ ከሆነ በእጃችሁ ያለው ሙሉ 2.5 የሆነ መዳብ ነው፤ 2.4 ወይም 2.5 ካሳየ ወይ አሉሚኒየም ነው፣ ወይ ደግሞ መዳብ ሆኖ ውፍረቱ ከተጻፈው ያነሰ ነው። የትኛውም ቢሆን አትግዙት። ሻጩ ይህን እንዳትለኩ ከከለከላችሁም መልሱን አግኝታችኋል።

ስትዘረጉ ለእያንዳንዱ ስፒከር የራሱን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጀምራችሁ ውሰዱ። ሁለቱን ስፒከሮች በአንድ ገመድ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ብታስሯቸው ለገመዱ 4 ኦም ሆነው ስለሚታዩት፣ የ0.4 ኦሙ ድርሻ ወደ 10 በመቶ ያድጋል። ጣርማበርን የሚያህል ጉም ባይወርድባችሁም አዳራሹ በክረምት እርጥበት መያዙ አይቀርም፤ ጫፉ የተላጠ መዳብ እያደር ይጠቁርና አረንጓዴ ያወጣል። በየዓመቱ ጫፉን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ አዲስ ልጦ ማሰር በወርቅ ከተለበጠ መሰኪያ ይልቅ ይጠቅማል። አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ሽቦው የመብራት ሽቦ ስለሆነ ብላችሁ በጫፉ የመብራት ስፒና እንዳታስገቡ። አንድ ቀን አንድ ልጅ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ይሰካዋል፤ ስፒከሩ መቃጠሉ ከዚያ ሊደርስ ከሚችለው ሁሉ ቀላሉ ነው።

የቀረው እምምታው ነው። ማይክ የሚያወጣው ሞገድ አንድና ሁለት ሚሊቮልት ያህል ሲሆን፣ ስፒከሩ ዘንድ እስኪደርስ በሺህ የሚቆጠር እጥፍ ይጎላል። በግድግዳው ውስጥ ካለው የ50 ሄርዝ መብራት የአንድ ሚሊቮልት አሥረኛ ያህል ወደ ማይኩ ገመድ ቢገባ አብሮ ይጎላና አዳራሹን ይሞላል። በስፒከሩ ገመድ ላይ የገባ ተመሳሳይ ብክለት ግን ከእርሱ በኋላ የሚያጎላው ነገር ስለሌለ አይሰማም። ለዚህም ነው የማይክ ገመድ በውስጡ ሁለት ክር፣ በዙሪያው ደግሞ የተጠለፈ የመዳብ መረብ ሊኖረው የሚገባው፤ መረቡ ብክለቱን ይከላከላል፣ አልፎ የገባውም በሁለቱ ክሮች ላይ እኩል ስለሚያርፍ ኤክስ ኤል አር የሚባለው ባለ ሦስት እግር መግቢያ አንዱን ከሌላው ቀንሶ ያጠፋዋል። መረብ የሌለው ተራ ሽቦ ይህን ማድረግ አይችልም። እዚህም ቢሆን የሚያስፈልጋችሁ የተጋነነ ዋጋ ያለው ሳይሆን፣ አሠራሩ እንዲህ የሆነና ጫፉ በደንብ በሶልደር የተያያዘ መደበኛ የማይክ ገመድ ነው፤ ለስፒከር ገመድ ልታወጡት ከነበረው ጥቂቱን እዚህ አውሉት።

ምንጩን ለማግኘት ስፒከሮቹ እንደታሰሩ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡትን ገመዶች ሁሉ ንቀሉ። እምምታው እንዳለ ከቀጠለ ችግሩ በራሱ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ላይ ስለሆነ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል። ከጠፋ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ ሲገባ የሚጮኸውን ለዩ። ሚክሰሩ (የማይኮችን ድምፅ የሚያደባልቀው መሣሪያ) ሲገባ ብቻ የሚጮህ ከሆነ፣ ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ ከተለያየ ግድግዳ ኃይል እየወሰዱ በምድር መስመራቸውና በድምፅ ገመዳቸው መካከል ክብ ሠርተዋል ማለት ነውና፣ ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር ከአንድ ሶኬት አስነሷቸው። በየቦታው እንደሚደረገው የስፒናውን የምድር እግር ቆርጣችሁ እምምታውን ለማጥፋት ግን አትሞክሩ፤ ጩኸቱ ይጠፋ ይሆናል፣ ነገር ግን መሣሪያው ውስጡ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ መውጫ የሚያገኘው ማይኩን በያዘው ሰው እጅ በኩል ይሆናል። በአንድ ሶኬት አስነሥታችሁም ካልጠፋ በመካከላቸው ትራንስፎርመር ያለው የድምፅ መለያ ሳጥን ይገባል፤ እርሱም የማይክ ዕቃ በሚሸጡበት ይገኛል።